ጌይ ሲናን በቅዳሜ ትምህርት ብቻ አይዘልቅም

ይቺን የምጽፈው በተለይ ቶሮንቶና ሜልቦርን ላላችሁ የሐረሪ ወላጆች ነው። አዎ፣ በአማርኛ! በጌይ ሲናን፣ በሐረሪ ቋንቋችን፣ ብጽፈው በየትኛው ፊደል ነው የሚለው ክርክር ብቻ አንድ ሳምንት ይፈጃል። አንዱ ግዕዝ ይላል፣ አንዱ ዓረብኛ፣ ወጣቱ ላቲን። ልጃችሁ ለአያቱ በላቲን ከጻፈ ይጻፍ፣ እባካችሁ ተዉት።

በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ ሐረሪ ነኝ ያለው በመላ አገሪቱ 32 ሺህ አይሞላም። በራሱ በሐረሪ ክልል እንኳ ከአስር ሰው አንድ አንሆንም። ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረችውን የሐረር ከተማችንን፣ ዩኔስኮ በ1998 መዘገበልን፣ የሹዋሊድ በዓላችንንም በ2016። ደስ ይላል፣ ግን ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚያወራ ዩኔስኮ አያገባውም።

የቅዳሜው ትምህርት ጥሩ ነው፣ ላኳቸው። ችግሩ ልጁ ፊደል ሲቆጥር አርፍዶ መኪና ውስጥ ሲገባ እናንተው «ቀበቶህን እሰር» የምትሉት በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ለቋንቋው ሥራ ስጡት። ለአፎቻ፣ ለመረዳጃ ማኅበራችን፣ ስትሰበሰቡ ልጆቹን ታብሌት አስይዛችሁ ሌላ ክፍል አትስደዷቸው፤ ሻዩን እነሱ ያቅርቡ፣ ማን ስኳር እንደሚፈልግ ማን እንደማይፈልግ በጌይ ሲናን እየጠየቁ። ሲሳሳቱም አትሳቁ። ዘመድ ተሰብስቦ ባነጋገሩ የሳቀበት ልጅ በሚቀጥለው እንግሊዝኛውን ይዞ ነው የሚመጣው።

የቤት ቃላቱ ደግሞ አፓርታማ ውስጥ ቦታ አጥተዋል። አሚር ነደባ፣ በሐረሪ ቤት አባወራው በሩን እያየ የሚቀመጥበት መደብ፣ የት አለና ልጁ ይወቀው? እንግዲያው በሩን ፊት ለፊት የሚያየውን ሶፋ አሚር ነደባ በሉት። ይስቃሉ፣ ይለምዱታልም።

የአክስት ልጅ ከሜልቦርን ሲደውል ሁለቱም እንግሊዝኛ ስለሚችሉ በዚያው ያወራሉ፣ አይፈረድባቸውም። ሐረር ካለችው፣ እንግሊዝኛ እምብዛም ከማትለው የአጎት ልጅ ጋር አገናኟቸው፤ በዋትስአፕ ድምፅ ይላላኩ።

አያቶችን ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። «ስለ ባህላችን ይንገሩን» ካላችኋቸው ግን ንግግር ነው የሚያደርጉት። ሰርጋቸው ቀን በቀን እንዴት እንደነበር፣ ማን ቀርቶ ማን እንዳኮረፈ ጠይቋቸው፣ ያኔ ወሬው ራሱ ይጎትታቸዋል። ቅጂውን ደግሞ ስልካችሁ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ለእህት ለወንድም አካፍሉት።