ጄሚተር 0.8 ሰከንድ ይላል፣ ተማሪው ግማሽ ደቂቃ ጠበቅሁ ይላል፤ ማንን እንመን?

እህቴ፣ ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ጥያቄሽን በአጭሩ ልድገመው። ደብረ ማርቆስ ላይ የአንድ ኮሌጅ የምዝገባ ሲስተም በጄሚተር (ብዙ ሰው በአንዴ የገባ አስመስሎ ሲስተም በሚፈትሽ ፕሮግራም) ፈትሻችኋል። በ300 ትሬድ (አስመሳይ ተጠቃሚ) አማካይ የምላሽ ጊዜው 0.8 ሰከንድ ወጣ። ምዝገባው ሲከፈት ግን ከሞጣና ከቢቸና የሚገቡ ተማሪዎች «ገጹ ግማሽ ደቂቃ ቆመብን» ብለው አማረሩ። ማንን እንደምታምኑና ስንት ሰከንድ ጥሩ እንደሚባል ነው የጠየቅሽው።

ተማሪዎቹን እመኑ። 0.8 የሚለው ቁጥር ውሸት ላይሆን ይችላል፣ የለካው ግን ሌላ ነገር ነው። ባለወፍጮውን «አንድ ኩንታል ጤፍ በስንት ደቂቃ ትፈጫለህ?» ብትዪው የሚነግርሽ እህሉ ወፍጮው ላይ ከወጣ በኋላ ያለውን ነው። ከማለዳ ጀምራ ወረፋ የያዘችው ሴት ግን የምትቆጥረው ደጃፉን ከረገጠችበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ተማሪውም የሚቆጥረው እንደ እሷ ነው።

ጄሚተር ወረፋውን የሚደብቀው እንዲህ ነው። በተለመደው ትሬድ ግሩፕ (የትሬዶቹ ስብስብ) አንድ ትሬድ ለሰርቨሩ አንድ ሪኩዌስት (ጥያቄ) ይልክና መልሱ እስኪመጣ ሌላ አይልክም። ሰርቨሩ ሲቆም ትሬዱም አብሮት ይቆማል። እውነተኛው ተማሪ ግን ሌሎቹ መልስ ስላላገኙ ከመግባት አይቀርም፤ እንዲያውም ደጋግሞ ሪፍሬሽ ይጫናል።

በቁጥር እንየው። ለአንድ ደቂቃ በየሰከንዱ አንድ ሰው ይገባል፣ ሰርቨሩም በ0.1 ሰከንድ ይመልሳል እንበል። 31ኛው ሰከንድ ላይ ሰርቨሩ ለ20 ሰከንድ ድርቅ ይልና ይመለሳል። መልስ የሚጠብቀው ትሬድ የሚመዘግበው 40 ፈጣን ምላሽና አንድ የ20 ሰከንድ ምላሽ ነው፤ አማካዩ 0.6 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። 95ኛው ፐርሰንታይል (ከ100 ምላሽ 95ቱ የማያልፉት ጊዜ) ደግሞ ያው 0.1 ነው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ! በዚያ መሀል በየሰከንዱ የመጡት ሰዎች ግን አንዱ 20፣ ቀጣዩ 19፣ ሌላው 18 ሰከንድ እያሉ ጠብቀዋል። እነሱ ሲቆጠሩ አማካዩ ከ3.5 ሰከንድ ያልፋል፣ 95ኛው ፐርሰንታይል 17 ሰከንድ ይሆናል። ሰርቨሩ ያው፣ ደቂቃውም ያው። ጊል ቴኔ የተባለው የጃቫ ባለሙያ ይህን ጉድለት «ኮኦርዲኔትድ ኦሚሽን» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ በዚህ ስም ብትፈልጊ ብዙ ታገኛለሽ።

መፍትሔው ጭነቱን በትሬድ ብዛት ሳይሆን በሰከንድ በሚገባው ሰው ብዛት መወሰን ነው። ኬ6 በሚባለው ሌላ የጭነት መፈተሻ ፕሮግራም ላይ ለዚህ «ኮንስታንት አራይቫል ሬት» የሚባለው አለ። ከጄሚተር ላለመውጣት ከፈለጋችሁ ከ5.5 ጀምሮ «ኦፕን ሞዴል ትሬድ ግሩፕ» ገብቶበታል። በሰከንድ ስንት ሰው እንደሚገባ ከራሳችሁ ጭንቅላት አታውጡት፤ ያለፈውን ምዝገባ የሰርቨር ሎግ (ሰርቨሩ የገባውን ሁሉ የጻፈበትን ፋይል) ክፈቱና ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያለውን፣ በጣም የተጨናነቀውን ደቂቃ ቁጠሩ።

እኔ ባሕር ዳር ሆኜ የአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የግብዓት ምዝገባ ሲስተም ስፈትሽ የገጠመኝ ልክ እንደ እናንተው ነበር። አማካዩ ያማረ፣ የዳንግላና የፍኖተ ሰላም መዝጋቢዎች ግን በየቀኑ ስልክ የሚደውሉበት። የምላሽ ጊዜውን ከሰዓቱ ጋር በግራፍ ሳወጣው ዝቅ ብሎ የሚሄደው መስመር በየተወሰነ ጊዜ ሽቅብ ይተኮሳል። ዋናው ቢሮ ሪፖርት ባወጣ ቁጥር ዳታቤዙ ሠንጠረዡን ቆልፎ መዝጋቢውን ሁሉ ያስቆም ነበር። አማካዩን ብቻ ብናይ ኖሮ ተጨማሪ ሰርቨር ግዙ እንላቸው ነበር፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ መቆለፉም ይቀጥላል። ስለዚህ እባካችሁ ግራፉን ሳታዩ ቁጥር አትጻፉ።

ቴስቱን የሚያስኬደውን ላፕቶፕም አትመኑት። የወረፋ ሒሳብ ተመራማሪው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ እዚህ ላይ ጥሩ መቆጣጠሪያ ነው፦ ውስጥ ያለው ብዛት በሰከንድ ለሚያልቀው ሲካፈል አንዱ በአማካይ የሚቆይበትን ጊዜ ይሰጣል። 300 ትሬድ አላችሁ፣ እያንዳንዱ በሪኩዌስቶች መሀል 20 ሰከንድ ያርፋል፣ በሰከንድ 12 ሪኩዌስት ያልቃል እንበል። 300 ለ12 ሲካፈል 25፣ ከዚያ ላይ 20 ሲቀነስ 5 ሰከንድ። ጄሚተር 0.8 ካለ የቀረው 4.2 ሰከንድ የጠፋው ሰዓቱ ከማይቆጥርበት ቦታ ነው፣ ብዙ ጊዜ ላፕቶፑ ራሱ ታንቆ። ሊስነሮቹን (የጄሚተርን ውጤት በመስኮት የሚያሳዩትን) አጥፉ፣ ከመስኮቱ ሳይሆን ከኮማንድ ላይን አስኪዱት።

የከሸፉትንም ለዩ። በ20 ሚሊሰከንድ የተመለሰ የ500 ስሕተት (ሰርቨሩ ከሽፏል የሚል ኮድ) አማካዩን ያሳምረዋል። «ሲስተሙ ተጨናንቋል» የሚል ገጽ በ200 ኮድ (ተሳክቷል በሚለው) ከተመለሰ ደግሞ ጄሚተር እንደተሳካ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ገጹ ላይ የተማሪው መታወቂያ ቁጥር መኖሩን የሚያይ አሰርሽን (ማረጋገጫ) ጨምሩ። ሁሉም ትሬድ በአንድ አካውንት ከገባም የምትለኩት ኬሹን (አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን መልስ) ነው፤ የተለያዩ አካውንቶችን ከሲኤስቪ ፋይል አንብቡ።

ሌላው የሞጣው ተማሪ ጉዳይ ነው። ላፕቶፑ ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ ከነበረ፣ በሞባይል ዳታ የሚገባው ልጅ መንገዱ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ እናንተ ጋ የለም። ጄሚተር ብራውዘር ስላልሆነ ጃቫስክሪፕቱንም አያስኬድም። ጭነቱ እየሄደ ሳለ አንድ ሰው ሞጣ ላይ በርካሽ ስልክ ይግባ፤ «መዝግብ» የሚለውን ከተጫነ ጀምሮ ደረሰኙ እስኪታየው ያለውን ጊዜ በስልኩ ሰዓት ይያዝ። ደጋግሞ ያድርገውና ከጄሚተሩ ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ የገጹና የኔትወርኩ ድርሻ ነው፤ ምስሎቹና ጃቫስክሪፕቱ ከከበዱ ያ ሰርቨር በመጨመር አይቀንስም።

ስንት ሰከንድ ጥሩ ነው ላልሽው፣ የሲስተም አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ያስቀመጣቸው ወሰኖች ዛሬም ይሠራሉ። እስከ 0.1 ሰከንድ ሰው ወዲያው ሆነ ይላል፣ እስከ 1 ሰከንድ ሐሳቡ አይቋረጥም፣ ከ10 ሰከንድ ካለፈ ትቶት ይሄዳል። የእናንተን ወሰን ግን ቴስቱ ሳይጀመር ከሬጅስትራሩ ጋር ተስማሙበትና በጽሑፍ አስቀምጡት፦ «በሰከንድ 12 ተማሪ እየገባ፣ ከ100 ተማሪ 95ቱ በ3 ሰከንድ ውስጥ፣ 99ኙ በ8 ሰከንድ ውስጥ ደረሰኝ ያያሉ፤ የከሸፈ ሙከራ ከ1 በመቶ አይበልጥም» ብላችሁ። ቁጥሮቹን ለራሳችሁ አስተካክሉ። በአዲሱ አካሄድ ስታስኬዱት የሰዓቱን ግራፍ እዚህ ለጥፊልን፣ አብረን እናየዋለን።