የ«ስከም» ሁለት ገጾች ለምን አይመሳሰሉም?

«የናፓልም ዴዝ ‹ስከም› አልበም አንደኛውና ሁለተኛው ገጽ የአንድ ባንድ አይመስሉም፣ ተጣልተው ነው ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ ጆሮህ አላታለለህም ወዳጄ። ይህ የእንግሊዝ ሜታል ባንድ የሸክላውን ሁለት ገጾች ሲቀዳ በመሃል ሰዎቹ ተቀያይረዋል። በሁለቱም ገጽ ላይ ያለው ከበሮ መቺው ሚክ ሃሪስ ብቻ ነው።

አንደኛው ገጽ በርሚንግሃም ውስጥ በነሐሴ 1986 (እ.ኤ.አ.) ተቀዳ። ኒክ ቡለን ይዘፍናል፣ ቤዝም ይመታል። ጊታሩ የጀስቲን ብሮድሪክ ነው። ቡለን ግን የባንዱ አካሄድ አልጥም ስላለው ጥሎ ወጣ። ብሮድሪክም ሄድ ኦፍ ዴቪድ በተባለ ባንድ ውስጥ ከበሮ ሊመታ ሄደ። ሃሪስ ግማሽ አልበም ታቅፎ ቀረ!

በግንቦት 1987 ሁለተኛውን ገጽ የቀዳው ከዘፋኙ ሊ ዶሪያን፣ ከጊታር መቺው ቢል ስቲርና ከቤዝ መቺው ጂም ዋይትሊ ጋር ነው። ስቲር በጎን ካርካስ በተባለ ባንድ ውስጥም ይጫወት ነበር። ኢርኤክ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ አድርጎ በዚያው ዓመት አወጣው።

ልዩነቱን ለመስማት «ሲጅ ኦፍ ፓወር» የተባለውን ዘፈን ክፈት። አንደኛው ገጽ ላይ ነው፣ ወደ አራት ደቂቃ ይጠጋል፣ ጊታሩም ቀስ ብሎ ይፈጫል። (እዚያው ገጽ ላይ ያለው «ዩ ሳፈር» 1.3 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ስታስነጥስ ያመልጥሃል።) ከዚያ ገልብጠው። ዶሪያን ከሆዱ ያጓራል፣ ድንገት ደግሞ ይጮሃል። ከበሮው ፋታ አይሰጥም። እኔ በበኩሌ አንደኛውን ገጽ እመርጣለሁ፤ የሚተነፍስበት ቦታ አለው።

ሁለተኛው ስብስብም አልቆየም። ዋይትሊ ብዙም ሳይቆይ ወጣ፣ ዶሪያንና ስቲር በ1989 ተከተሉት።