«ፈተና ወሰድኩ» ወይስ «ተፈተንኩ»?

ጥያቄ፦ ልጄ «ሻወር ወሰድኩ፣ ታክሲ ወሰድኩ፣ ፈተና ወሰድኩ» ሲል ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። እርሱ ግን «ሁሉም የሚለው ነው» ብሎ ይከራከረኛል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ በሦስቱም ላይ እርስዎ ልክ ነዎት። የልጅዎ ቃላት አማርኛ ቢሆኑም አረፍተ ነገሩን የሚመራው «ቴክ» (take) የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ነው። ይህ ግሥ ከጥንቱ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ «ኒማን» የተባለውን ነባር ግሥ ከቦታው ያፈናቀለ ሲሆን፣ ዛሬ መያዝንም፣ ይዞ መሄድንም፣ መቀበልንም፣ መዋጥንም፣ ጊዜ መፍጀትንም በአንድነት ይገልጻል። አማርኛ ግን ይህን ሁሉ ለየግሡ አከፋፍሎታል፤ ታክሲ እንይዛለን፣ ማስታወሻ እንይዛለን፣ ገላችንን እንታጠባለን፣ ፎቶ እናነሣለን፣ እንነሣለንም፤ ፈተናን በተመለከተማ «ተፈተንኩ» የሚለው አንድ ቃል ብቻውን ይበቃል።

የእኛ «ወሰደ» ዋና ፍቺው አንድን ነገር ካለበት አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ማድረስ ነው። ጎርፍ ድልድይ ይወስዳል፣ አባት ልጁን ሐኪም ቤት ይወስዳል፤ «እንቅልፍ ወሰደኝ» ስንልም ወሳጁ እንቅልፍ፣ ተወሳጁ እኛ ነን። ስለዚህ «ታክሲ ወሰድኩ» የሚል ሰው፣ ቃሉን በቁሙ ለሚሰማ፣ ባለንብረቱን ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚያስሮጥ ነገር ፈጽሟል።

ይህ ለቀልድ የሚመች ቢሆንም መድኃኒት ላይ ሲደርስ ግን ቁም ነገር ይሆናል። አስታማሚዋ ለነርሷ «መድኃኒቱን ወስዷል» ብትል፣ በሽተኛው ክኒኑን ከመድኃኒት ቤት ተረክቦ ሄዷል ማለቷ ነው ወይስ ውጦታል? ሁለቱም ትርጉም ስለሚያስኬድ፣ «ዋጠ»፣ «ጠጣ» ወይም «ተወጋ» ብሎ ለይቶ መናገር ከማስተዋል ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ እንግሊዝኛን የሚመስለውን ሁሉ እናባርር አልልም። «እርምጃ ወሰደ» በዜናም በመሥሪያ ቤት ደብዳቤም ጸንቶ የተተከለ አነጋገር ነው፤ ያንኑ ሐሳብ በዚያው አጭርነት የሚተካ ሌላ ቃልም በቀላሉ አይገኝለትም። «ጊዜ ይወስዳል» የሚለውንም፣ እኔ ራሴ «ይፈጃል»ን ብመርጥም፣ ስሕተት አልለውም። «ጥንቃቄ ይውሰዱ» ግን ሌላ ነው፤ «ይጠንቀቁ» የሚል አጭርና ግልጽ ቃል እያለን ይህን የሚያስመርጥ ምክንያት አይታየኝም።