የሰመር ሥራ ዙ ውስጥ አገኘሁ፤ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ባዮሎጂ እማራለሁ፤ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ። አቅራቢያችን ያለ ዙ ለሰመር ጎብኚዎችን የሚያስተምር ሰው ሲፈልግ አመለከትኩና ተቀበሉኝ። ሥራው ማይክ አድርጎ፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለተሰበሰበ ሰው ስለ እንስሳት ማስረዳት ነው። እማዬ ግን ‹ለሦስት ወር ዝንጀሮ ልታሳዪ ነው? ነርሲንጉን አትጀምሪም?› አለችኝ። እኔን ደግሞ አክሰንቴ ያሳስበኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ፦ ግቢበት። ግን ምን ውስጥ እንደምትገቢ አውቀሽ ግቢ።

ብዙ ወጣቶች ይህን ሥራ የሚመኙት እንስሳ ስለሚወዱ ነው። ሥራው ግን የሰው ሥራ ነው። እንስሳቱን የሚመግቡትና የሚያክሙት ተንከባካቢዎቹና ሐኪሞቹ ናቸው። አንቺ የምትውዪው ከአጥሩ በዚህ በኩል፣ ጋሪ ከሚገፉ እናቶች፣ ከደከማቸው ልጆችና ጥላ ከሚፈልጉ አባቶች ጋር ነው። ፀሐይ ላይ ትቆሚያለሽ። አንዱን ገለጻ በቀን አራት አምስት ጊዜ ትደግሚዋለሽ። አንቺን ቢሰለችሽም ለመጨረሻው ቡድን ገና አዲስ ነው። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ማሳየትም የሥራሽ አካል ነው።

ታዲያ ምን ታተርፊያለሽ? ሊሄድ የተነሳን ሰው ማቆም ትማሪያለሽ። ክፍል ውስጥ ያለ ተማሪ ቢሰለቸውም ቁጭ ይላል። ዙ ውስጥ ግን ማንም አንቺን የመስማት ግዴታ የለበትም፤ ሰው ሲሰለቸው ጥሎሽ ይሄዳል። የቱ ዓረፍተ ነገር እንደሠራና የቱ እንዳልሠራ እዚያው በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ይህን በሦስት ወር የሚያስተምር ሌላ ቦታ ብዙ አላውቅም።

በምሳሌ ላሳይሽ። ኒው ዮርክ ያለው ብሮንክስ ዙ ከ1990 ጀምሮ የኢትዮጵያን ደጋ አስመስሎ በሠራው ቦታ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ያሳያል። ሳንዲያጎ ዙም በ2017 በከፈተው የአፍሪካ ክፍል ውስጥ በኢትዮጵያ ደጋ የተሰየመ ስፍራ አለው። እንዲህ ያለ ቦታ ቆመሻል እንበል። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይጀምራል፦ «ይህ ጭላዳ ይባላል። የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። የሚመገበው ሣር ነው።» ሁሉም እውነት ነው። ግን ሰሌዳው ላይም ተጽፏል። ሰው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ መንገዱን ይቀጥላል።

አሁን እንዲህ ሞክሪው፦ «ጣቶቹን እዩአቸው። ምን እየሠራ ነው?» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፤ ቻይው። አንድ ልጅ «ሣር እየነቀለ!» ይልሻል። «ጎበዝ! በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እየመረጠ ነው የሚነቅለው። እጁ ሲሞላ ወደ አፉ ይወስዳል። ከዝንጀሮና ከጦጣ ዘር ሁሉ ዋነኛ ምግቡ ሣር የሆነ እሱ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ አካሄዱን ተመልከቱ። ሣር ሲለቅም አይነሳም፤ ቁጭ እንዳለ በቂጡ ይንፏቀቃል።» በዚህ ጊዜ ልጁ ወላጆቹን ጠርቷል። ስለ ሰሜን ተራሮች የምትነግሪያቸው አሁን ነው። ያንን ሣር ከብትም እንደሚሻማው፣ እርሻው ሽቅብ እየገፋ ሲሄድ የጭላዳው ቦታ እንደሚጠብ ንገሪያቸው። መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ ጆሮ። አንቺ ያለሽበት ዙ ጭላዳ ባይኖረውም ለኤሊም ለጉጉትም መንገዱ ይኸው ነው።

አክሰንትሽን በተመለከተ፣ ሰው የሚቸገረው በአክሰንት ሳይሆን በፍጥነት ነው። ስንፈራ እንፈጥናለን፤ የዓረፍተ ነገሩንም መጨረሻ እንውጠዋለን። ቀስ በይ፣ የመጨረሻውን ቃል ጥርት አድርገሽ ጨርሺ። ስለ ኢትዮጵያ እንስሳ ስታወሪ ደግሞ ያ አክሰንት ጉልበትሽ ነው። ብቻ ሰሜንን በአካል ካላየሽው አየሁት አትበዪ።

አንድ ከባድ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣብሻል፦ «እዚህ ተዘግቶበት አያዝንም?» የሚጠይቁሽ በአብዛኛው ልጆች ናቸው፤ ከልባቸው ነው የሚጠይቁት። አትከላከዪ፤ የተሸመደደ መልስም አትስጪ። ሥራ ሳትጀምሪ ተንከባካቢዎቹን ጠይቂ፦ ይህ እንስሳ የት ተወለደ? ቀኑን በምን ያሳልፋል? ሲከፋው በምን ያውቃሉ? የነገሩሽን እውነት ለልጁ ንገሪው። የማታውቂውን «አላውቅም፣ እጠይቃለሁ» በዪ።

ወደ እማዬ ልመለስ። በአንድ ነገር ከእሷ ጋር ነኝ፦ ይህ ብቻውን መተዳደሪያ አይሆንም። ሰመር ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል። የወቅት ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የጤና ኢንሹራንስ የለውም። በዙዎች የትምህርት ክፍል ቋሚ ቦታ ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዲግሪ ይጠይቃል፣ ፉክክሩም ከባድ ነው። ስለዚህ የፎል ምዝገባሽን እንዳትተዪ። ግን ነርሲንግና ይህ ሥራ አይጣሉም። የፈራ በሽተኛ ፊት ቆማ በቀላል ቃል የምታስረዳ ነርስ ተፈላጊ ናት። ሐሳብሽን ብትቀይሪም ሙዚየም፣ ትምህርት ቤት፣ ለጎብኚ የሚያስረዱ ሬንጀሮችን የሚቀጥሩት ብሔራዊ ፓርኮች ይህን ልምድ ያውቁታል። ለእማዬ «አስተምራለሁ» በያት፤ እውነትም ነው። አንድ ቅዳሜ ይዘሻት ሂጂና ፊት ለፊት ቆማ ትስማሽ።

ከመፈረምሽ በፊት በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሰጡሽና ዝናብ ሲጥል ይከፈል እንደሆነ ጠይቂ። ብዙ ዙዎች የቲቢ ምርመራ ይፈልጋሉ፤ ወጪው የማን ነው? የአስጎብኚነት ሰርተፊኬት ሥልጠና ይከፍሉልሽ እንደሆነም ጠይቂ፤ ለሚቀጥለው ማመልከቻሽ ይረዳሻል። እሑድና በዓል ሥራ የሚበዛበት ቀን ስለሆነ ቅዳሴ የምትሄጂ ከሆነ ከአሁኑ ንገሪያቸው። ፍልሰታ ነሐሴ ላይ ነው፣ ሙቀቱም ያኔ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ፀሐይ ላይ ማውራት አደጋ አለው። የጠዋት ፈረቃ ይስጡሽ፤ ካልሆነም የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

ይህን የምታነቡ በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ልጆች ግን ተጠንቀቁ፦ ያለ ፈቃድ ከካምፓስ ውጭ መሥራት አይቻልም። መጀመሪያ የትምህርት ቤታችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አነጋግሩ።

አንቺ ደግሞ ከገባሽ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ገለጻሽን ጓደኛሽ በስልክ ትቅረጽልሽ፤ ሰመሩ ሲያልቅም እንደገና። ሁለቱን አስተያያቸው። የድጋፍ ደብዳቤውን ደግሞ አለቃሽ ገና በየቀኑ እያየሽ ሳለ ጠይቂ፤ ኦክቶበር ላይ ሰውም ይበተናል፣ ኢሜይልም ይዘገያል።