ተማሪ ይዛችሁ አዋሽ ፓርክ ለምትሄዱ

ገና ጠመኔ ለጨበጣችሁ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰሞኑን አንዲት አዲስ መምህርት ደውላ «ጋሼ፣ ተማሪዎቼን አዋሽ ፓርክ ልወስድ ነው፣ እዚያ ምን ላስተምራቸው?» አለችኝ። ለሷ የመለስኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። በመጀመሪያው ጉዞዬ ሌሊቱን ስጽፈው ያደርኩትን ማስታወሻ ይዤ ፏፏቴው ዳር ቆምኩና ስለ ስምጥ ሸለቆ አነብላቸው ጀመር። ውሃው ይጮሃል፣ የሚሰማኝ የለም። በዚህ መሀል አንድ ዝንጀሮ የምሳ ፌስታል መንትፎ እብስ አለ፣ ክፍሉም በሙሉ እየተንጫጫ ተከተለው። ስንመለስ «ምን አያችሁ?» ስላቸው «ዝንጀሮው የቲቸርን ዳቦ ሲበላ!» አሉኝ። ተናደድኩ። አዋሽ አኑቢስና ሃማድርያስ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮዎች ተገናኝተው የሚዳቀሉበት ቦታ መሆኑን፣ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ለማጥናት ለአሥርተ ዓመታት ሲመላለሱ መኖራቸውን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ትምህርቱ ራሱ በእግሩ መጥቶልኝ ነበር፤ እኔ በድንጋይ አባረርኩት።

ስለዚህ እዚያ ስትደርሱ ብዙ አትናገሩ። ሥራችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ነው።

የአዲስ አበባ ልጆች ከሆኑ አቃቂ ወንዝ ውሰዷቸው፤ ያንን አፍንጫችንን ይዘን የምንሻገረውን። ይህ ውሃ የት ነው የሚሄደው? በሏቸውና ዝም በሉ። አንዱ ባሕር ይላል፣ ሌላው ዓባይ ይላል፤ ካርታ ዘርግተው ራሳቸው በጣታቸው ይከተሉት። አቃቂ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ቆቃን አልፎ ፓርኩ ውስጥ በፏፏቴ ይወርዳል፣ ከዚያ አፋርን አቋርጦ ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችበት ሐዳርም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ሉሲና ድልድይ ሥር የተጣለ የላስቲክ ጠርሙስ በአንድ ወንዝ ሲገናኙ፣ ሳይንሱን ከታሪኩ የሚለየው የክፍለ ጊዜ ደወል ብቻ መሆኑን ልጆቹ ሳትነግሯቸው ይገባቸዋል።

መተሐራ ስትደርሱ አውቶቡሱን አስቁሙ። ሹፌሩ ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም። በሰቃ ሐይቅ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሰፋ መሬት ሲውጥ ኖሯል፤ ከመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውሃ ነው ወይስ ከመሬት ሥር የሚመጣው? ባለሙያዎች የተከራከሩበት ጉዳይ ስለሆነ የእናንተም ልጆች ለሁለት ተከፍለው ይከራከሩበት። ፈንታሌ ተራራም ከፊታቸው ነው፣ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይም እዚያው ተንጣሏል። በ2017 ዓ.ም. መሬቱ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ አልጋ የነቀነቀው ይኸው አካባቢ ነው። ያኔ ፎቅ ላይ የነበረ ተማሪ ካለ እሱ ያውራ፣ እናንተ አትቅደሙት።

አንድ ነገር ግን እንዳትዘሉ። ፓርኩ ባዶ መሬት ላይ አልተሠራም። ከረዩ የሚባሉት የአካባቢው አርብቶ አደሮች ከብት የሚያግዱበትና ውሃ የሚያጠጡበት ነበር፤ ፓርኩም የሸንኮራ አገዳው እርሻም ሲመጡ ያ መሬት ጠበባቸው። ሳላ የሚባለውን ረጅም ቀንድ ያለው የዱር እንስሳ ለማየት ሄደው ስለዚህ ሳይሰሙ የሚመለሱ ልጆች ግማሹን ታሪክ ነው የሰሙት። በአካባቢው ያደገ ስካውት፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂ፣ ካገኛችሁ፣ ወይ አንድ የከረዩ ሽማግሌ ቁጭ ብለው እንዲያወሯቸው ብታደርጉ፣ ከኔ የሌሊት ማስታወሻ መቶ እጥፍ ይሻላል። አሮጌው የባቡር ሐዲድም አለ፤ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ለምን በዚህ በረሃ እንደተዘረጋ ይጠይቁ፣ መልሱ መልክዓ ምድሩ ላይ ተጽፏል።

ሌላው ቀላል ነው። ማልዳችሁ ግቡ፣ ፀሐዩ ሲከር ሳላውም ልጆቹም ጥላ ፍለጋ ይሄዳሉ። ውሃ በብዛት ያዙ። ወንዙ አዞ አለበትና ዳር አታስጠጉ። ደግሞ እባካችሁ «ሦስት ገጽ ሪፖርት ጽፋችሁ አምጡ» አትበሉ፤ እኔ ለዓመታት ያንን እያልኩ ስንቱን ጉዞ ቅጣት አስመሰልኩት! አንድ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ይመለሱ።

መምህርቷ ስልኩን ልትዘጋ ስትል የጨመርኩላት አንድ ነገር ነበር፦ ዳቦውን አውቶቡስ ውስጥ ቆልፊበት።