አማቴ «ዶሮው ጥሬ ነው» ብለው ሳህኑን ገፉት

ሰላም ላንቺ፣

ባለቤቴ ሱ ቪድ ማብሰያ ገዛልኝ። ያው ምግቡን አየር በወጣለት ላስቲክ አሽገሽ፣ ሙቀቱን ሳይጨምርና ሳይቀንስ በሚጠብቅ ውሃ ውስጥ የምታበስይበት ነው። የዶሮ ደረት 60 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት አቆይቼ አቀረብኩ። ጭማቂው እንዳለ ነው፣ ደሞ ይጣፍጣል። አማቴ ግን በቢላዋ ሲከፍቱት መሃሉ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኖ አዩና «ይሄማ ጥሬ ነው፣ ልትገድዪኝ ነው እንዴ?» ብለው ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ስኳርም አለባቸው። ማናችን ነን ልክ? ሌላም ልጠይቅሽ፤ በብዛት አብስዬ ላስቲኩን ሳልከፍት ፍሪጅ ውስጥ ባስቀምጠው ሁለት ሦስት ሳምንት አይቆይልኝም? አየር ከሌለው ምን ያበላሸዋል ብዬ ነው።

ግራ የገባት ምራት

መልስ

እህቴ፣ በቀለሙ ነገር ልክ ነሽ። ሳልሞኔላን፣ ማለትም ጥሬ ዶሮ ላይ የሚገኘውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ፣ የሚገድለው ሙቀትና ጊዜ አንድ ላይ ነው። 74 ዲግሪ ላይ ወዲያው ይሞታል። 60 ላይም ይሞታል፣ ግን የሥጋው መሃል ራሱ 60 ከደረሰ በኋላ 35 ደቂቃ ያህል እዚያው መቆየት አለበት። ውሃው ደረሰ ማለት መሃሉ ደረሰ ማለት አይደለም! ሥጋው ሳሳ ያለ ከሆነ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ወፍራም ከነበረ፣ ወይ ሁለቱን ደራርበሽ ካሸግሽው፣ ወይ ከፍሪዘር እንደወጣ ከከተትሽው ግን አማትሽ ሳያውቁት ልክ ሆነው ሊሆን ይችላል።

ለማንኛውም ለእሳቸው 65 አድርጊው፣ ጊዜውንም አታሳጥሪ። ዕድሜና ስኳር ላለበት ሰው የምግብ መመረዝ ቀላል ነገር አይደለም። ሮዝነቱም ይቀንሳል። ሲወጣ በጋለ መጥበሻ ላዩን ቡናማ አድርጊው፤ ይሄ እንኳን ለዓይናቸው ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። አየር አለመኖሩ እኮ ነው ችግሩ። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ የሚመቸው ኦክስጅን የሌለበት ቦታ ነው። ስፖር የሚሉት ጠንካራ ዘሩ ደግሞ 60 ዲግሪ ላይ አይሞትም፤ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ሲያልቁ እሱ ላስቲኩ ውስጥ ብቻውን ይቀራል። አንዳንዱ ዓይነት 3 ዲግሪ ላይ እንኳ ይራባል፣ ማለትም ፍሪጅሽ ውስጥ። መርዙ ነርቭ ያሽመደምዳል፣ ሰውየው መተንፈስ እስኪያቅተው ድረስ። ምግቡ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ስለሚችል «አሽትቼ አየዋለሁ» አይሠራም።

ስለዚህ ወዲያው የማትበሉትን ከማብሰያው እንዳወጣሽ ከነላስቲኩ በረዶ በሞላ ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ በረዶው ከቀለጠ ጨምሪበት። ትኩሱን በቀጥታ ፍሪጅ ውስጥ ከከተትሽው መሃሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፣ ባክቴሪያም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን፣ ከዚያ ለሚበልጠው ፍሪዘር። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ጨምረሽ የምታሽጊ ከሆነ ግን እሱን ለማቆየት አታስቢ፤ በዚያው ቀን ብሉት።