ለከተማ አስተዳደር መቆም፦ ከቀድሞ ነገረ ፈጅ ጋር የተደረገ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ እንደምን ዋላችሁ። በጎጃም ከተሞች ለማዘጋጃ ቤትና ለከተማ አስተዳደር ለረጅም ዘመን ስከራከር ኖሬ አሁን በጡረታ ላይ ነኝ። ስለ ሥራው የምትጠይቁኝን ሁሉ በማውቀው ልክ እመልሳለሁ፤ የግል ክርክራችሁን በተመለከተ ግን መዝገብ ሳላይ ፍርድ አልሰጥም። በዚሁ ሙያ ላይ ያላችሁ፣ መጥሪያ ሲደርሳችሁ የደረሰበትን ቀንና የተቀባዩን ስም በላዩ ላይ ጻፉ። ይህን ደጋግሜ ብናገር አትሰልቹኝ።

የሕግ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ የከተማ አስተዳደር የሕግ ባለሙያ ውሎው ምን ይመስላል? ችሎት ለችሎት ሲዞር የሚውል ይመስለኝ ነበር።

መላሽ፦ ችሎት የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። አብዛኛው ጊዜህ የሚያልፈው የጨረታ ሰነድ ስትመረምር፣ የውል ረቂቅ ስታርም፣ የካሳ ገማቾች ያዘጋጁትን ሠንጠረዥ ከቃለ ጉባኤው ጋር ስታመሳክር፣ ተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያ የጠየቀበት ደብዳቤ በውሉ መሠረት መልስ ማግኘቱን ስታረጋግጥ ነው። ክስ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የምታየው አዋጁን ሳይሆን ፋይሉን ነው። የአንድ ይዞታ ፋይል ተከፍቶ ሲቀርብልህ ገጾቹ ተራ ቁጥር ያላቸው መሆኑን ተመልከት፤ ቦታው የተሰጠበትን ቃለ ጉባኤ አውጣና ከተሰብሳቢዎቹ ውስጥ ያልፈረመ መኖር አለመኖሩን፣ የደብዳቤው ወጪ ቁጥር በመዝገብ ቤቱ መዝገብ ላይ መገኘት አለመገኘቱን፣ በካርታው ላይ የተጻፈው ስፋት በሽንሻኖው፣ ማለትም በቦታ ክፍፍል ፕላኑ፣ ላይ ካለው ጋር መስማማቱን አረጋግጥ። ቃለ ጉባኤው በፎቶ ኮፒ ብቻ ካለ ዋናው የት እንደ ሄደ በጽሑፍ ጠይቅ። ከተማዎች ሲረቱ ካየኋቸው መዝገቦች በብዙዎቹ ሕጉ ከከተማው ጋር ነበር፤ ወረቀቱ ግን አልነበረም።

የሕግ ባለሙያ፣ ቡሬ፦ ኃላፊዎች በስልክ «ያንን ቤት ነገ እናፈርሳለን፤ ሕጉ ይፈቅድልናል አይደል?» ብለው ሲጠይቁ እንዴት ይመለሳል? እምቢ ማለት ይከብዳል፣ እሺ ማለትም ያስፈራል።

መላሽ፦ ይህ ጥያቄ የሥራው ልብ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ። ደንበኛህ ከተማው ነው፤ ከንቲባውም ሆኑ የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ከተማውን ለጊዜው የሚወክሉ ናቸው እንጂ ራሳቸው ከተማው አይደሉም። ስለዚህ የሕግ አስተያየት በስልክ አይሰጥም። «ጥያቄውን በአጭር ማስታወሻ ይላኩልኝና ዛሬውኑ እመልሳለሁ» በል፤ የተቆጣ ኃላፊ እንኳ ብዕር ሲያነሳ ጥቂት ያስባል።

ወደ ማፍረሱ ስንመጣ፣ የሊዝ አዋጁ ማለትም አዋጅ ቁጥር 721/2004 የከተማ ቦታን በሕገ ወጥ መንገድ የያዘን ሰው ያለ ካሳ ለማስለቀቅ ሥልጣን ይሰጣል፤ ነገር ግን የ7 የሥራ ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ለባለ ይዞታው በእጁ እንዲሰጥ ወይም በቦታው ላይ ባለው ንብረት ላይ እንዲለጠፍ ያዝዛል። «የሥራ ቀን» የሚለውን አስምርበት፤ እሑድና በዓል አይቆጠሩም። በጥምቀት ሰሞን የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ ሲቆጠር የሚፈጠረውን ስሕተት ብዙ አይቻለሁ። ሁለተኛው ጣጣ ማስረጃው ነው። ማስጠንቀቂያው መለጠፉን የሚመሰክረው ማን ነው? የደንብ አስከባሪው ስም፣ የተለጠፈበት ቀን፣ ሁለት የአካባቢ ነዋሪዎች ምስክርነትና በሩ ላይ እንደ ተለጠፈ የተነሳ ፎቶግራፍ በፋይሉ ውስጥ ከሌሉ፣ ግሬደሩ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ባለ ይዞታው «ማስጠንቀቂያ አላየሁም» ብሎ ሲከስ የምታቀርበው ነገር የለህም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰውየው በእርግጥ ሕገ ወጥ መሆኑ ይጣራ። አሮጌ ሰነድ ያለውን ነባር ባለ ይዞታ በሕገ ወጥነት ፈርጆ ማፍረስ ከተማውን ለኪሳራ ባለሙያውንም ለሐፍረት ይዳርጋል።

ቢቸና፦ የመሬት ክርክር አለብኝ። ምን ይሻለኛል?

መላሽ፦ ከማን ጋር? በምን ሰነድ? የት ፍርድ ቤት? ይህ ሳይገለጽ የሚሰጥ መልስ ሟርት ይሆናል።

ነጋዴ፣ ፍኖተ ሰላም፦ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለውን የመንገድ ዳር ቦታ አጥሬ ከ15 ዓመት በላይ ግብር እየከፈልኩ ይዣለሁ። አሁን ማዘጋጃ ቤቱ አንሳ ይለኛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በዚህ ዘመን ባለቤት ያደርግሃል ብለውኛል።

መላሽ፦ ያሉዎት ሰዎች ቁጥር 1168ን አንብበው ቁጥር 1455ን ሳይደርሱ ሕጉን ዘግተውታል። ለሕዝብ አገልግሎት የተመደበ ንብረት፣ መንገድን ጨምሮ፣ በቁጥር 1454 መሠረት ለሌላ አይተላለፍም፤ በቀጣዩ ቁጥር መሠረትም ረጅም ጊዜ በመያዝ ባለሀብት አይኮንበትም። በዚያ ላይ የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት ከዞረ ወዲህ በመሬቱ ላይ በይርጋ የግል ባለቤትነት አገኛለሁ ማለት መሠረት አጥቷል። የግብር ደረሰኙ ግብር መክፈልዎን ያስረዳል፤ ከዚያ በላይ አይሸከምም።

የገበሬ ልጅ፣ ከደብረ ማርቆስ ዳርቻ፦ የአባቴ ማሳ ወደ ከተማው ክልል ተካቶ ሊነሳ ነው። ጋሼ ለከተማው ይከራከሩ ስለነበር የዚያን ወገን አካሄድ ያውቁታል ብዬ ነው። ካሳው በምን ይሰላል?

መላሽ፦ ያለ መሸፋፈን እነግርሃለሁ። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ጊዜ ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ የ5 ዓመቱ አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን ለውጦ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው ተመርጦ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ስለዚህ ክርክሩ ያለው «ከፍተኛው ዓመት የቱ ነው? ምርቱስ ስንት ኩንታል ነበር?» በሚለው ላይ ነው። አባትህ ጤፍም ስንዴም እያፈራረቁ የሚዘሩ ከሆነ ገማቾቹ የመዘገቡት የትኛውን ሰብል እንደ ሆነ፣ የኩንታሉን ዋጋ ከየትኛው ገበያ እንደ ወሰዱ ጠይቅ። ዛፍ፣ አጥርና ቤት በተናጠል ይቆጠራሉ። ቆጠራው ሲካሄድ አባትህ በቦታው ይገኙ፤ ያላመኑበት ሠንጠረዥ ላይ ከመፈረም ይቆጠቡ፤ ከፈረሙም ቅሬታቸውን ከፊርማው በላይ ያስጽፉ። የማስለቀቂያ ትእዛዙ ከደረሳቸው በኋላ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ለማመልከት ያላቸው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ይከተላል። ትእዛዙ የደረሰበትን ቀን ይጻፉ። አዋጁ በቁጥር 1336/2016 ስለ ተሻሻለም ማሻሻያውን አብረህ አንብብ።

የግል ጠበቃ፣ ባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ላቋርጥዎት። 15 እጥፍ የሚለው በወረቀት ላይ ያምራል እንጂ ገንዘቡ ገበሬው እጅ እስኪደርስ የኑሮ ውድነት ይበላዋል። ከተማው ያንኑ መሬት በሊዝ ጨረታ ሲሸጠው የሚያገኘውን እያየ ዝም የሚል የመንግሥት የሕግ ባለሙያ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

የከተማ ፕላን ባለሙያ፣ እንጅባራ፦ ወንድሜ፣ ጨረታው የሚያስገኘው ገንዘብ መንገድ፣ ውኃና የጎርፍ ማስወገጃ ከተሠራለት ቦታ ነው። ያንን ወጪ ቀንሰው ያሰሉት። ደግሞስ ከተማ አይስፋ ነው የሚሉት?

የግል ጠበቃ፣ ባሕር ዳር፦ አይስፋ አላልኩም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ይላል። «በቅድሚያ» የሚለውን ቃል ስንቱ ከተማ አክብሮታል?

የከተማ ፕላን ባለሙያ፣ እንጅባራ፦ በጀት ሳይለቀቅ ፕሮጀክት እንዲጀመር የሚያዝዘው ፕላን ሠሪው አይደለም።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ወደ ጥያቄው ተመለሱ። ካሳ ሳይከፈል ወደ ማሳ የሚገባበትን አሠራር በተመለከተ ጠበቃው ትክክል ናቸው፤ ሥራ ላይ እያለሁም ይህንኑ በጽሑፍ ስገልጽ ኖሬአለሁ። የሕግ ባለሙያ ዝም አለ የሚባለው አስተያየቱን ሳይጽፍ ሲቀር ነው። የጻፈውን አስተያየት ኃላፊው ካልተቀበለው ደግሞ ተጠያቂነቱ የኃላፊው ይሆናል።

ደጀን፦ እኛንም ካሳው አነሰን። ምን እናድርግ?

መላሽ፦ ለደብረ ማርቆሱ ልጅ አሁን የመለስኩትን ያንብቡ።

ሞጣ፦ ደመወዙ ስንት ነው? ጎን ለጎን በግል ጥብቅና መሥራትስ ይቻላል?

መላሽ፦ ደመወዙን ከሲቪል ሰርቪስ ይጠይቁ። ጎን ለጎን ጥብቅና አይቻልም።

የግል ጠበቃ፣ ባሕር ዳር፦ አንድ ልጨምር። ከተማ አስተዳደሮች የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁን፣ ቁጥር 1183/2012ን፣ ለምን አይከተሉም?

መላሽ፦ ያ አዋጅ የወጣው ለፌዴራሉ አስፈጻሚ ተቋማት ነው። የክልል ከተማን በእርሱ ጠቅሶ የሚከስ ጠበቃ ለነገረ ፈጁ ቀላል መቃወሚያ ያቀብለዋል።

የግዥ ባለሙያ፣ ዳንግላ፦ የመንገድ ሥራ ተቋራጫችን ውሉ ውስጥ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ፣ ማለትም ክርክር ከፍርድ ቤት ይልቅ በተመረጡ ዳኞች ይታይ የሚል፣ ይግባ ብሎ ይወተውታል። እንቀበለው?

መላሽ፦ አትቀበሉት። ከተማው ለሕዝብ አገልግሎት የሚዋዋለው የመንገድ ግንባታ ውል የአስተዳደር ውል ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 315(2) የአስተዳደር ውል ለግልግል እንዳይቀርብ ከልክሎ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1237/2013ም በሕግ ካልተፈቀደ በቀር ይህንኑ አጽንቶታል። አንቀጹን አስገብታችሁ ክርክር ቢነሳ፣ ስለ ገንዘቡ ከመከራከራችሁ በፊት ስለ አንቀጹ ዋጋ ማጣት ብቻ ዓመት ትከራከራላችሁ። ይልቅ የውል ማስከበሪያ ዋስትናው የሚያበቃበትን ቀን ተከታተሉ። ዋስትናው ጊዜው አልፎበት ባንክ «ግዴታችን አብቅቷል» ብሎ የመለሰበትን ደብዳቤ በእጄ ይዤ ችሎት ገብቼ አውቃለሁ።

ጸሐፊ፣ ስሜ አይጠቀስ፦ መጥሪያው ለኃላፊው ጸሐፊ ደርሶ መሳቢያ ውስጥ ቀረ፤ ጉዳዩ በሌለንበት ታይቶ ተፈረደብን። ተስፋ አለው?

መላሽ፦ በመግቢያዬ ያልኩት ይኸው ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 መሠረት በሌላችሁበት የተሰጠው ፍርድ እንዲነሳ ማመልከት የሚቻለው ፍርዱን ካወቃችሁ በ1 ወር ውስጥ ነው፤ ያልቀረባችሁበትም በቂ ምክንያት መኖር አለበት። መጥሪያው ለጸሐፊ መድረሱ ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ በአግባቡ አልደረሰም የምትሉ ከሆነ የመላኪያውን መዝገብ ግልባጭ ከሬጅስትራር አውጡ። ዛሬውኑ ተነሡ።

ጀማሪ የሕግ ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ ነገ ቀጠሮ አለኝ። ከሳሹ የግማሹን ገንዘብ ተቀብሎ ለመታረቅ ፈቃደኛ ነው፤ ፋይላችንን ሳየው ደግሞ እንደምንረታ ይሰማኛል። ችሎት ላይ እርቁን ልቀበል?

መላሽ፦ እህቴ፣ አስተያየትሽ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሥልጣኑ ግን አለሽ ወይ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት መታረቅ ልዩ የውክልና ሥልጣን የሚጠይቅ ተግባር ነው፤ ለመከራከር የተሰጠሽ ተራ ውክልና አይበቃም። ዛሬ ከሰዓት በፊት በሁለት ገጽ ጻፊ፦ የተጠየቀው ገንዘብ፣ የጎደለው ማስረጃ፣ ብንረታ የሚጨመረው ወለድና ወጪ፣ የቀረበው የእርቅ መጠን። ለሚመለከተው ኃላፊ አስገቢና በግልባጩ ላይ የገቢ ማኅተም አስመቺ። ፈቃዱ እስከ ነገ ጠዋት በጽሑፍ ካልደረሰሽ ለእርቅ ድርድር አጭር ቀጠሮ እንዲሰጣችሁ ከከሳሹ ጋር በጋራ አመልክቱ፤ ዳኞች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይከለክሉም።